ሳይሞላ የማይንቀሳቀሰው ታክሲ፦ ሆድ ሲታወክ ጨውና ስኳር ለምን አብረው ይጠጣሉ?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለእረፍት መጣ። አዲስ አበባን ለቆ ሲሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ሃያ ስድስት ሞልቶታል። ረቡዕ ማታ ቦሌ ደረሰ። ሐሙስ ምሳ ላይ አጎታችን «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ክትፎ ጋበዘው። ቅዳሜ ደግሞ ለእናቱ የሐበሻ ቀሚስ ሊገዛ እኔን አስከትሎ መርካቶ ገባ። ከሸማ ተራ ወደ በርበሬ ተራ፣ ከዚያ «እስቲ የልጅነቴን ሰፈር ልየው» ብሎ ወደ ምናለሽ ተራ። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ እግራችን ሲዝል አንዲት ጭማቂ ቤት ገብተን ስፕሪስ ጠጣን። ሁለታችንም ጠጣን።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመጸዳጃ ቤቱ በር ይከፈት ይዘጋ ጀመር። ሲነጋ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚራመደው።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለው የአያታችን ቤት ወዲያው የሐኪሞች ጉባኤ ሆነ። አጎቴ «አሜባ ነው፣ ፍላጂል ግዙለት» አለ። አንዲት ጎረቤት «ምንም እንዳይቀምስ፣ ሆዱ ይረፍ» አሉ። ሌላዋ «ለስላሳ ስጡት፣ ኃይል ይሆነዋል» አሉ። አያታችን መጀመሪያ «ዓይን ነው» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቺ ኢንጂነር ነኝ ትዪ የለ? ታዲያ የዚህን ልጅ ቧንቧ መጠገን ያቅትሻል?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የምመራመረውም ውሃን ስለሚያጣሩ ስስ ሽፋኖች ነው። አንጀት ደግሞ ሌላ ምን ሆነና? ውሃና ጨው እየመረጠ የሚያሳልፍ ሽፋን ነው። ስለዚህ ዛሬ የአያቴን ጥያቄ ከእናንተ ጋር ልመልሰው።

ጥፋተኛው ጭማቂው ነው?

የአክስቴ ልጅ ጠዋት ያወጣው የመጀመሪያ ቃል «ያ ጭማቂ ጉድ ሠራኝ!» የሚል ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ሆዳችን ሲታመም መጨረሻ የበላነውን ነገር እንከሳለን። ሳይንሱ ግን ክሱን እንዲህ በቀላሉ አይቀበልም። በሽታ አምጪዎቹ የየራሳቸው ሰዓት አላቸውና።

ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዙን ምግቡ ላይ እያለ ሠርቶ ስለሚጨርስ ከተበላ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ተጓዦችን በማሳመም ከባክቴሪያዎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው መርዝ አመንጪው ኢ. ኮላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስድበታል። ጃርዲያ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አሜባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል።

እስቲ አሁን መርማሪ ሁኑ። ከጭማቂው እስከ ሕመሙ 14 ሰዓት ነው። ከክትፎው እስከ ሕመሙ 60 ሰዓት ገደማ። ልጁ አገር ቤት ከገባ ደግሞ አራት ቀን እንኳን አልሞላውም። ጭማቂው ሊሆን ይችላል፤ ክትፎው ሊሆን ይችላል፤ አርብ የበላው ሰላጣም ሊሆን ይችላል። አሜባ ግን ሰዓቱ አይገጥምለትም። የአጎቴ ፍላጂል የሚያድነው ምንም ነገር ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

«እሺ፣ አንቺስ ያንኑ ጭማቂ ጠጥተሽ ለምን አልታመምሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ይህም ጭማቂውን ነጻ አያወጣውም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እነዚህን ባክቴሪያዎች በልጅነቱ ደጋግሞ ስለሚያገኛቸው አንጀቱ ውስጥ የተወሰነ መከላከያ ያዳብራል። ከአገር ርቆ ለዓመታት የኖረ ሰው ግን ያ መከላከያ ይደክምበታል። ዜግነትን፣ ዘርን ወይም «የሐበሻ ሆድ»ን የሚያውቅ ባክቴሪያ የለም። ተጓዦች ሞቃትና የንጹሕ ውሃ አቅርቦታቸው ወዳልተሟላ አገሮች ሲሄዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተቅማጥ እንደሚይዛቸው ይገመታል። ይህ ማለት ግን እኛ እዚሁ የምንኖረው አንታመምም ማለት አይደለም። ተቅማጥ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ይገድላል።

ቧንቧው እንዴት ይሠራል?

በቀን 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ በምግብና በመጠጥ እንወስዳለን። በዚህ ላይ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የራሱ የአንጀት ፈሳሽ ይጨመራል። ሁሉም ሲደመር አንጀታችን በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ያስተናግዳል። ከዚህ ሁሉ ከሰገራ ጋር የሚወጣው 200 ሚሊ ሊትር እንኳን አይሞላም። 98 በመቶው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል! እንዲህ ያለ የውሃ መልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካ የሠራ ኢንጂነር ቢኖር ኖሮ ሲኮራ ይኖር ነበር።

የሚገርመው፣ አንጀት ውሃን በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ የለውም። የሚያንቀሳቅሰው ጨውን ነው፤ ውሃው ጨዉን ተከትሎ ይሄዳል። ቋንጣ ሲዘጋጅ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ሥጋው ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃው ከሥጋው እየወጣ ይንጠባጠባል። ውሃ ሁልጊዜ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ወገን ያመራል። ይህ ኦስሞሲስ ይባላል። እንግዲህ የአንጀት ሕዋሶች ሶዲየምን ከአንጀት ወደ ደም ያሻግራሉ፤ ውሃው ይከተላል።

አሁን መርዝ አመንጪው ኢ. ኮላይ ወይም የኮሌራ ባክቴሪያ ይገባል። መርዙ ሕዋሶቹን አይገድላቸውም። የሚሠራው ተንኮል ሌላ ነው፦ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለውን የክሎራይድ ቧንቧ ይከፍትና ሳይዘጋው ይተወዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈስሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃ ሁለቱን ይከተላል። በዚያ ላይ ጨው ወደ ውስጥ የሚገባበት ዋናው መንገድ ይዘጋል። መውጫው ተከፍቶ መግቢያው ተዘጋ ማለት ነው። በከባድ ኮሌራ አንድ ትልቅ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ሰውን የሚገድለው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን የውሃውና የጨዉ ማለቅ ነው።

ታዲያ ውሃ ብቻ ቢጠጣስ? ጨዉ ካልገባ ውሃውም በደንብ አይገባም፤ የገባው ውሃም የጠፋውን ጨው አይተካም። ጨው ብቻ በውሃ ቢጠጣስ? ዋናው መግቢያ ተዘግቷል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የነበራቸው መፍትሔ በመርፌ፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነበር።

ክፍት የቀረው በር

እዚህ ላይ ነው ወደ አውቶቡስ ተራ የምንመለሰው። ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም። በአንጀት ሕዋስ ላይም እንዲህ ያለ ታክሲ አለ። ሦስት ወንበር ብቻ ያለው ነው፦ ሁለቱ የሶዲየም፣ አንዱ የግሉኮስ። ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ሲሳፈሩ ወደ ውስጥ ይሻገራል፤ ግሉኮስ ከሌለ ሶዲየሙ ቆሞ ይቀራል። ሦስቱ ተሻገሩ ማለት ደግሞ ውሃው ተከትሏቸው ገባ ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ መርዙ ሌላውን መንገድ ሁሉ ቢያበላሽ ይህን ታክሲ አይነካውም። አንጀቱ ታሟል እንጂ አልተሰበረም። አንድ በር ክፍት ነው፤ በሩ የሚከፈተው ግን ጨውና ስኳር በልኩ አብረው ሲመጡ ብቻ ነው።

የዚህን ታክሲ አሠራር ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ በተካሄደ ስብሰባ ላይ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ዳካ ከተማ ውስጥ የኮሌራ ሕመምተኞች ጨውና ግሉኮስ የተቀላቀለበት ውሃ ሲጠጡ በደም ሥር የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ በብዙ እንደሚቀንስ አሳዩ። ያኔ ሁለቱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በመጠለያዎቹም ኮሌራ ገባ። ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ይሠራ የነበረው ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በበርሜል ውሃ አስበጥብጦ የሕመምተኞቹ ዘመዶች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ያጠጡት እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ።

ዛሬ በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኘው ኦአርኤስ፣ በእኛ አጠራር «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር»፣ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ሒሳቡ ለምን ጥብቅ ሆነ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው። በኬሚስት ቆጠራ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ ይሆናል፤ እኩል ለእኩል። የሟሟው ነገር በሙሉ ሲደመር 245 ነው። የደማችን 290 ገደማ ነው። መጠጡ ከደማችን ትንሽ ስለሚቀጥን ውሃው በቀላሉ ወደ ደም ያዘነብላል።

አሁን የጎረቤታችንን ለስላሳ እንየው። አብዛኛው ለስላሳ በ1 ሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ከደም በጣም ስለሚወፍር፣ ልክ እንደ ቋንጣው፣ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል። ታክሲውም ግሉኮስ እየጠበቀው ሶዲየም ያጣል። ልጁ ኃይል አገኘ ሲባል ተቅማጡ ይብስበታል።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ኦአርኤሱ ተገዛ። አጎቴ በፍቅር ተቻኩሎ ሙሉውን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ጨምሮ በጠበጠው። «ወፈር ሲል ቶሎ ያድነዋል» ብሎ! ያ ብጥብጥ 245 መሆኑ ቀርቶ 490 ሆነ፤ መድኃኒቱ እንደ ለስላሳው ውሃ ሳቢ ሆነ ማለት ነው። በሕፃን ላይ ቢሆን ኖሮ የደሙን ጨው በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ሊያደርገው ይችል ነበር። ደፋነውና እንደገና በልኩ ሠራነው።

በልኩ እንዴት ይበጠበጣል?

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ፤ የተለመደው ለ1 ሊትር ነው፣ ማለትም ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ሙሉውን ፓኬት በሙሉው ውሃ። ስኳር፣ ወተት ወይም ለስላሳ አይጨመርበትም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ፓኬት ከጠፋ፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከማጠጣታችሁ በፊት ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ሥሩ። ይህ የቤት ብጥብጥ ፖታሲየም ስለሌለው ሙዝ ቢበላበት ጥሩ ነው።

አወሳሰዱ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ትልቅ ሰው የቻለውን ያህል ይጠጣ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም፤ ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። ሥራው የፈሰሰውን መተካት ነው። ባክቴሪያውን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስወግደዋል።

«ሆዱ ይረፍ» የሚለውስ? አይረፍ። ምግብ አንጀቱ እንዲያገግም ይረዳል። ጨው ጣል የተደረገበት ቀጭን አጥሚት ለዚህ ግሩም ነው፤ የእህሉ ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስ ስለሚለወጥ ታክሲው ተሳፋሪ አያጣም። ሕፃን የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ መጠኑን የጤና ባለሙያው ይነግራችኋል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው?

ፍላጂልም ሆነ ሲፕሮ በግምት አይወሰድም። ያለ ምክንያት የተዋጠ አንቲባዮቲክ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፣ የተረፉትን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል። ተቅማጥን የሚያቆመው ሎፐራማይድም ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ አይወሰድም፤ ጠላትን ቤት ውስጥ እንደ መቆለፍ ነው።

እነዚህን ካያችሁ ግን ጊዜ አታጥፉ፦ ሰገራ ውስጥ ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምንም የማያስቀር ትውከት፣ ለሰዓታት ሽንት አለመሽናት፣ የዓይን መጎድጎድ፣ መፍዘዝ፣ የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንቶች ቶሎ ይጎዳሉ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ገብቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኦአርኤሱን እያጠጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ መንገድ ላይም ቢሆን ማጠጣቱ አይቋረጥም።

መርካቶን እንተወው?

በፍጹም! መርካቶን ሳያዩ አዲስ አበባን አየሁ ማለት አይቻልም። የምንመርጠውን ማወቅ ብቻ ነው። ኢ. ኮላይ በተመቸው ሙቀት በ20 ደቂቃ ራሱን ያባዛል። አንድ ባክቴሪያ ከ6 ሰዓት በኋላ 262,144 ይሆናል፤ ማስሊያው ላይ 2ን 18 ጊዜ አባዙና እዩት። ስለዚህ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት በኋላ የሚሸጥ ሐብሐብ እና አሁን ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ አንድ አይደሉም። ሸክላው ላይ እየተንተከተከ የሚመጣ ሽሮ፣ ትኩስ ሻይ፣ በራሳችሁ እጅ የላጣችሁት ሙዝ ደህና ምርጫዎች ናቸው። ጥርጣሬው ያለው ጥሬ ሰላጣው፣ በረዶው፣ ጥሬ ሥጋውና በአንድ ሳፋ ውሃ ቀኑን ሙሉ የሚለቀለቀው ብርጭቆ ላይ ነው።

አንድ የከፍታ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አትደንግጡ፤ ተቅማጥ አምጪዎቹን ለመግደል 92 ዲግሪ ይበቃል። ለጥንቃቄ ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመክራል። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ እሑድን ኦአርኤስ ሲጠጣ ዋለ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሽንቱ ጠራ፤ ማክሰኞ የአያታችንን አጥሚት ሁለት ጊዜ አስደገመ። ሐሙስ ቀሚሱን ሊያስጠብብ መርካቶ ተመለስን። ከአውቶቡስ ተራ ስንነሳ ታክሲው ሳይሞላ አልሄድ አለና ሩብ ሰዓት ተገተርን። «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ግሉኮስ ነው የጎደለው» አለኝ።

ቤት ስንደርስ አያታችን ጠየቁ፦ «እህ፣ ተጠገነ?» «ቧንቧው ድሮም አልተሰበረም እማማ» አልኳቸው።